በጠረጴዛ ላይ የሚነዳ የሞት ውድድር
ከምጽአት ማግስት ያለውን ዓለም የሚያሳዩ የጠረጴዛ ላይ ፍልሚያ ጨዋታዎች ብዙ ናቸው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ማይክ ሃቺንሰን ያዘጋጀውና ኦስፕሬይ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው «ጋዝላንድስ» ነው። ውድ ምስሎች ግዙ አይልም፤ ልጆች ወለል ላይ የሚነዷቸውን የሆት ዊልስና የማችቦክስ መኪኖች ወስዶ፣ መትረየስ አስጠምዶ ያፋልማቸዋል። ታሪኩ መራራ ነው፦ ማርስ በጦርነት የደቆሰቻትን ምድር ትገዛለች፤ ምድር የቀሩት ደግሞ ወደ ማርስ መሻገሪያ ለማግኘት በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የሞት ውድድር ይተላለቃሉ። ብልሃቱ ያለው ግን ማርሹ ላይ ነው። ማርሹ ከ1 እስከ 6 ነው፤ በከፍተኛ ማርሽ የሚሄድ መኪና በአንድ ዙር ደጋግሞ ይንቀሳቀሳል፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ያለው ግን ተራው አንዴ ብቻ ይደርሰዋል። መፍጠን ግድ ነው፤ መፍጠን ደግሞ አደጋ ያከማቻል። የአደጋ ምልክቱ 6 ሲሞላ መኪናው ከቁጥጥር ይወጣል። ጨዋታው ለሁለት ሰው የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው፦ ያን ጊዜ መኪናህ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ተጋጣሚህ ነው፤ ከፈለገ ፊቱን ወደ ግንብ ያዞረዋል። የመኪናውን መንገድ የሚወስነውን የመታጠፊያ ቅርጽ አንዴ በእጅህ ከነካኸውም አስቀድሞ መለካት የለም፣ በእሱው ትሄዳለህ። ይህ ሕግ ጨካኝ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በሩጫ መሀል ያለ አሽከርካሪ መቼ ሜትር አውጥቶ ይለካል? ጥርጣሬውና ድንጋጤው ከተነሱ የሚቀረው ሒሳብ ብቻ ነው። ለጀማሪዎች የምመክረው ሁለት ሁለት መኪና ይዘው፣ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ መሰናክል አብዝተው እንዲጀምሩ ነው።