እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና ያልተገኘው ገዢ

በ2012 ዓ.ም የጥምቀት ሰሞን፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። መንገዱ ገና ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? መንደሩ ሁሉ ነጠላና ጋቢውን ተሸክሞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አክስቴም ካጠራቀመችው የደረቀ የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውኃ ዘፍዝፋ፣ ነጭ አረፋ እያስነሳች ጋቢውን ድንጋይ ላይ ትረግጠዋለች። ከእሷ ከፍ ብሎ፣ ውኃው ረጋ ካለበት ዘንድ፣ ሕፃናት ይንቦጫረቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ክንዱ ሰልሎ አየሁት። እናቱን ብጠይቃት ጤና ጣቢያ ወስዳው «ቢልሃርዝያ ነው» ተብሎ ክኒን እንደተሰጠው፣ ክኒኑም እንደበጀው፣ ዓመት ሳይሞላው ግን ሕመሙ እንደተመለሰበት ነገረችኝ። ለምን አይመለስ? ልጁ የተመለሰው ወደዚያው ወንዝ ነው።

እኔም የተማረ ሰው ነኝና ለአክስቴ ላስረዳት ሞከርሁ። በእጅሽ ያለው አረፋ በሽታውን የሚያሻግረውን ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ይህም በጥናት ከተረጋገጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል አልኋት። እግሯን ከጋቢው ላይ ሳታነሣ አዳመጠችኝና፣

«ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ልብስ ማንጻቱን ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስታውቁ ኖራችሁ ምን አደረጋችሁበት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ታሪኩን የሚያውቁ አንባብያን ይታገሡኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሊያጠና ዓድዋ ወርዶ ነበር። የበሽታው ትል ዕንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በቀንድ አውጣ ሆድ ካልተራባ በቀር ሌላ ሰው መያዝ አይችልም። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ ነው ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው። አክሊሉም ቀንድ አውጣ ሲለቅም፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቁልቁል ያሉት ሞተው አገኛቸው፤ ሽቅብ ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስቦ አንዲትን አጣቢ ከእንዶዷ ጠብ እንድታደርግለት ለመናት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። አንድ ታላቅ የሕክምና ምርምር የጀመረው እንዲህ፣ በሴቶች የጓዳ ዕውቀት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ፤ ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዘሮችን እያመረጠ፣ ፍሬው የበዛና ኃይሉ የበረታውን ለየ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ለአምስት ዓመታት ወንዞቹ በእንዶድ ተነከሩ። ሙከራው ሲያበቃ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 መውረዱ ታየ። ልብ በሉ፤ ይህ የተገኘው ከአጥር ሥር በሚለቀም ፍሬ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ገዳዩን ንጥረ ነገር አንጥሮ ሲያወጣ «ለማቶክሲን» ብሎ በአክሊሉ ስም ሰየመው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ገበያ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። 1974 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አልነግርም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም የእንዶድ መርዛማነት በታወቀ ላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ ለሰፊ አገልግሎት መዋል የለበትም አሉ። በእጃቸው ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ኬሚካል ነበር፤ ዋጋውም ለድኻ አገር የሚቀመስ አልነበረም። አክሊሉና ወዳጆቹ የተጠየቀውን ምርመራ የሚከፍልላቸው ፍለጋ ዓመታት ፈጁ። በ1986 የልዩ ልዩ አገር ሳይንቲስቶች በስዋዚላንድ ተሰብስበው ምርመራው በምን መልክ ይካሄድ ብለው መከሩ። በ1989 አክሊሉና ለገሠ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማት መጣ፤ ምርት አልመጣም።

እንዶድን ወደ ገበያ ለመውሰድ የተነሣው፣ ይገርማል፣ ሰሜን አሜሪካ ነው። በታላላቆቹ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት ፍጡር እየተራባ የውኃ ቧንቧዎችን ሲደፍን፣ በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል አረጋገጠ፤ በ1993 የፓተንት መብት በስሙ አስመዘገበ። ይህን ጊዜ ጩኸቱ ቀለጠ። እንዶድ የዕፅዋት ዝርፊያ ምሳሌ ሆኖ በየጉባኤው ተነሣ፤ እኛም የተዘረፍን ሕዝብ ሆነን አለቀስን። ጥቂት ሰው የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር፣ በፓተንቱ ላይ ከፈልሳፊዎቹ እንደ አንዱ የተመዘገበው ራሱ አክሊሉ ለማ መሆኑን ነው። ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ አገሩንም አልሸጠም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሚ ያጣ ሳይንቲስት፣ ሰሚ ካገኘበት ዘንድ መሄዱ እንዴት ይፈረድበታል? በ1997 ዓለምን ተሰናበተ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። «ተዘረፍን» የሚለው ታሪክ ይጣፍጣል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ሁሉ ባሕር ማዶ ያሻግርልናል። እኔ ግን ዝርፊያው የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው ባይ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ተንኰል አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፤ ሰውም ቢጠጣው መርዝ ነው። የሰው ልጅ የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ነገር መመርመሩ ተገቢ ነው። ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ እንዶድ ገዢ አልነበረውም።

አስቡት። የአክስቴ ጎረቤት ለልጇ ሕመም ክኒን ከበሮዋ ዋጋ ቀንሳ ትገዛ ይሆናል። ወንዝ ለማጽዳት ግን ገንዘብ አታወጣም፤ ብታወጣም ከላይኛው መንደር የሚወርደው ውኃ ልፋቷን ከንቱ ያደርገዋል። ወንዝ የማንም አይደለምና ወንዝን የሚያድን ዕቃ በሱቅ አይቸረቸርም። ሊገዛው የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። መንግሥት ደግሞ፣ በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን ቢሆን፣ «ይህን የሚያህል ዱቄት፣ በዚህ ጥራት አምርቶ ለሚያቀርብልኝ ለዚህን ያህል ዓመት እገዛዋለሁ» የሚል የውል ቃል ሰጥቶ ፋብሪካ ሲያስነሣ አላየንም። ገዢ በሌለበት ነጋዴ አይመጣም፤ ነጋዴ ባልመጣበት ደግሞ ጥናቱ ከመጽሔት ገጽ አይወጣም።

ገዢ ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1996 አንድ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም፣ አንድሬ ብሪየን፣ ኑትሪሴት ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ከኦቾሎኒና ከወተት ዱቄት የተሠራ ልም ምግብ ፈለሰፈ፤ በየጤና ጣቢያው የምናውቀው ፕላምፒነት ነው። ከ2007 ጀምሮ ይህንኑ ሂሊና የተባለው ኩባንያ እዚሁ አገራችን ማምረት ያዘ። ለምን ተቻለ? ዩኒሴፍ ገዢ ሆኖ ስለቆመ ነው። ለተራበ ሕፃን እናቱ ልትከፍል እንደማትችል ታውቆ፣ ከፋዩ አስቀድሞ ተገኘ፤ ፋብሪካውም ተከተለ። የሌላ አገር ሰው ግኝት በእኛ እጅ ምርት ሲሆን፣ የእኛው ግኝት በእኛው እጅ ሳይሆን ቀረ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ የእንዶድ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ደምበጫ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት፣ ከመቶ አዋቂዎች ከሦስት በላይ የሚሆኑት ያ እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ እንዳለባቸው ታወቀ። ትንኝ የሚያመጣው ዓይነት አይደለም፤ ቀዩን አፈር በባዶ እግር ሲረግጡ ከመኖር የሚመጣ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን በኢትዮጵያ ሲመረምር የቆየው በ1970ዎቹ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ መጫማት የሕመሙን ግርሻ እንደሚቀንስ በ2018 ስመ ጥር በሆነው ላንሴት ግሎባል ሄልዝ አሳትሟል። ሳሙና፣ ቅባት፣ ጫማ! ያበጠ እግር የሚገባበት ሰፊ ጫማ ግን በደምበጫ ገበያ ፈልጉ። ከዚያ አገር እግር የተገኘው ዕውቀት ለንደን ደርሷል፤ ጫማው ግን ደምበጫ አልደረሰም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በአዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽ «የጤና ስታርትአፕ» ውድድር ሲካሄድ በአድማጭነት ተቀምጬ አውቃለሁ። ወጣቶቹ ብልሆች ናቸው፤ አልንቃቸውም። ነገር ግን የሚያቀርቡት ሁሉ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ሐኪም ያለው ሰው ሐኪሙን ቶሎ እንዲያገኝ። ስለ ወንዝ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ቀንድ አውጣ የተናገረ አንድም አልሰማሁም። እነሱን ግን አልወቅስም፤ ወጣት የሚሮጠው የሚከፍል ሰው ወዳለበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕግ አለን፤ በ1998 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዕፅዋት ሀብታችንንና የማኅበረሰብን ዕውቀት ያስጠብቃል። መልካም ነው፤ ነገር ግን አዋጁ ዘበኛ እንጂ አራሽ አይደለም። በር ዘግቶ የተቀመጠ ጎተራ እህል አያበቅልም። እኔ የምለው ጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ የገዢነት ውል ይዘው ይቅረቡ ነው። ቡሬን ተመልከቱ። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በ2013 ዓ.ም የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም እዚያው ነው። የቅባት እህል ገዢ ስላገኘ ፋብሪካ አገኘ። በቆሎና በርበሬ የሚያመርተው የጃቢ ጠህናን ገበሬ፣ አስተማማኝ ዋጋ ከተነገረው በአጥሩ ዙሪያ እንዶድ ማሳደግ የሚቸግረው አይደለም። መጠኑን ለክቶ፣ ዓሣ በማይጎዳበት ወቅትና ሥፍራ መርጦ የሚረጭ ሰው ያስፈልጋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ከትርፉም ለዩኒቨርሲቲው፣ ለተመራማሪውና ዕውቀቱ ለተገኘባቸው ሴቶች ድርሻቸው ይታሰብ።

«ክኒኑ በነፃ ይመጣል፤ ምን ያደክመናል?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ ፕራዚኳንቴልን በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይለግሳል። ክኒኑ ግን ትሉን እንጂ ቀንድ አውጣውን አይነካም፤ ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቱ ጋር የቀንድ አውጣ ቁጥጥር እንዲኖር መክሯል። ደግሞስ የሰው ስጦታ እስከ መቼ? በ2025 ዩ.ኤስ.ኤይድ ሲዘጋ በበጎ አድራጎት ላይ የቆመ የጤና ሥራ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚናጋ አይተናል።

የሰላሙንም ነገር ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ያ አገር ጦር ሜዳ ሆኗል። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ላይ ደርሶ በርካታ ሰዎች ያለቁበትን የአየር ጥቃት የዘነጋ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። መንገዱ በተዘጋበት፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ባጣበት አገር ስለ ኩባንያ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጦርነቱ ወንዙን አላቆመውም፤ ልጆቹም ከወንዙ አልቀሩም። እንዲያውም ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሲቋረጥ፣ በአጥር ላይ የሚያድገው መድኃኒት ይበልጥ ዋጋ ያገኛል ብዬ አስብ ነበር።

እንዲህ እያሰብሁ ሳለሁ ነው፣ ስልኩ ከብዙ ወራት በኋላ ሲሠራ አክስቴን ያገኘኋት። ደኅና ናት፤ ያም ልጅ ጎርምሷል አለችኝ፤ ሆዱ ግን እንደዚያው ነው። ስለ እንዶዱ ጠየቅኋት። ከቤቷ ጀርባ የነበረውን ልጆቿ ነቅለው ባሕር ዛፍ ተክለውበታል፤ ባሕር ዛፍ ገዢ አለውና። አሁን ልብስ የምታጥበው ከቡሬ ገበያ በሚመጣ የዱቄት ሳሙና ነው።