ከጠባብ ኤስኤስዲ ላይ ምን ይሰረዝ?

የ128 ወይም የ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በተገጠመለት ላፕቶፕ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ቦታ የሚያጥረው፣ እንደ ደንቡ፣ ማስረከቢያው ሲቃረብ ነው። የማከማቻው መለኪያ ይቀላል፤ የትንተና ሶፍትዌሩ ውጤቱን ማስቀመጥ ያቅተዋል፤ ተማሪውም በችኮላ ፎልደሮቹን በመጠናቸው ቅደም ተከተል አሰልፎ ከላይ የመጣውን ይሰርዛል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ልማድ ስሕተት ነው የሚል ነው። የሚሰረዘው ነገር መመረጥ ያለበት በግዝፈቱ ሳይሆን፣ ቢጠፋ እንደገና ሊገኝ በመቻሉ ነው። በምርምር ሥራ ትልቁ ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ መረጃው ስለሆነ፣ በመጠን የሚመራ ስረዛ በቀጥታ የሚወስደን ወደማይተካው ነው።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለአንድ ሶፍትዌር መጫኛ ቦታ ፈልጌ፣ ሌላ ቅጂ አለው ብዬ ያመንኩትን የቃለ መጠይቅ ድምፅ ፎልደር ሰረዝኩ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግሁ። ቅጂው ግን ጎደሎ ነበር። በማግስቱ የመረጃ ማገገሚያ ፕሮግራም ባስኬድ የሦስቱን የጎደሉ ፋይሎች ስም ከነቀናቸው አገኘልኝ። ሲከፈቱ ይዘታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዜሮ ነበር። ሁለቱን ተጠያቂዎች ተመልሼ አነጋገርኋቸው፤ ሦስተኛው አዛውንት ግን በመካከሉ ዐርፈው ነበር።

ስሙ ተርፎ ይዘቱ ለምን ጠፋ? በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ፣ ስርዓተ ክወናው ቦታው ነፃ መሆኑን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል እንጂ ይዘቱን አይነካም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ በቦታው ይቆያል። «የተሰረዘ ፋይል ይመለሳል» የሚለውን እምነት የወረስነው ከዚያ ነው። ኤስኤስዲ የተሠራበት የፍላሽ ማኅደር ግን በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም። የሚጽፈው በትንንሽ ገጾች ሲሆን፣ የሚያጠፋው ግን ብዙ ገጾችን የያዘ ብሎክን በአንድነት ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የትኞቹ ገጾች እንደማያስፈልጉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህንንም የሚነግረው ትሪም የተባለው ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ዊንዶውስ ፋይል ሲሰረዝ ይህን ትእዛዝ ያስተላልፋል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ያ ቦታ ሲነበብ ብዙ ኤስኤስዲዎች የሚመልሱት ዜሮ ነው፤ የፋይሉ ስም ግን በመዝገቡ ላይ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። እኔን በከንቱ ተስፋ ያስደረገኝም ይኸው ስም ነበር።

ይህ አሠራር የሞላ ኤስኤስዲ ለምን እንደሚዘገይም ያስረዳል። ነፃ ብሎክ ሲያጥር መቆጣጠሪያው ገና የሚያስፈልጉ ገጾችን ወደ ሌላ ስፍራ እየገለበጠ ብሎክ ማስለቀቅ ይገባዋል፤ አንድ ጊጋባይት ለመጻፍ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይጽፋል። ስለዚህ ቦታ ማስለቀቁ ራሱ አስፈላጊ ነው፤ ጥያቄው ከምን ላይ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ሊነካ የሚገባው ማንም ያልደከመበት ነገር ነው። (በነገራችን ላይ የ128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በዊንዶውስ 119 ገደማ ሆኖ የሚታየው የተሰወረ ነገር ኖሮ አይደለም፤ አምራቹ ጊጋባይትን በአንድ ቢሊዮን ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,073,741,824 ስለሚያካፍል ነው።) ከትልቅ የዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ የሚቀረው የቀድሞው ስርዓት ፎልደር ብዙ ጊጋባይት ይይዛል፤ ወደ ቀድሞው መመለስ ካልተፈለገ አሥር ቀን ሳይጠበቅ በዲስክ ማጽጃው ሊወገድ ይችላል። ቴሌግራምም በኮምፒውተሩ ላይ የራሱን መሸጎጫ ያከማቻል፤ ከመተግበሪያው ቅንብር ገብቶ ማጽዳትና ጣሪያ ማበጀት ይቻላል። ወርደው የተቀመጡት የመማሪያ ፋይሎች ግን በሌላ ፎልደር ስላሉ ከመሸጎጫው ጋር አይጸዱም። የፓይተን ተጠቃሚዎችም የኮንዳን የጥቅል መሸጎጫ በአንድ ትእዛዝ ማራገፍ፣ የማይጠቀሙበትንም የሥራ አካባቢ የጥቅሎቹን ዝርዝር በጥቂት ኪሎባይት ፋይል ካስቀሩ በኋላ መሰረዝ ይችላሉ።

የኮምፒውተር ምክር ሰጪዎች ሁሉ የሚያነሡትን አንድ ነገር ግን አልቀበልም፤ ሃይበርኔሽንን ማጥፋት። ስምንት ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ በተለመደው ቅንብር ከሦስት ጊጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ክፍት ሥራን የሚያድነው እርሱ ነው። ለእኛ ሦስት ጊጋባይት ለዚህ አይበዛም።

ክርክር የሚያስነሣው የምርምር መረጃው ነው። በሩቅ ዳሰሳ የሚሠራ ተማሪ የላንድሳት ምስሎችን ያወርዳል፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነፃ የተከፈቱ ናቸው። የምስሎቹን መለያ ቁጥርና የትንተናውን ኮድ ከያዘ፣ ምስሎቹንም ከእነርሱ የተወለዱትን መካከለኛ ፋይሎችም በመርሕ ደረጃ መሰረዝ ይችላል። በመርሕ ደረጃ ያልሁት አምሳ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ዳግመኛ ማውረድ ነፃ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ መተካት መቻል በእኛ ሁኔታ በብርና በሌሊት ሰዓታትም መለካት አለበት። እንዲህ ዓይነቱ መረጃ ቢሰረዝ አያሳዝንም፤ ቢሆንም በጊጋባይት ዋጋው ከኤስኤስዲ ወደሚያንሰው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቢዛወር ይሻላል።

የድምፅ ቅጂ ግን ሌላ ነው። ባልታመቀው የዌቭ ቅርጽ፣ በሲዲ ጥራት፣ በሁለት ቻናል የተቀዳ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ 635 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አርባ ሰዓት ከሆነ ከ128 ጊጋባይቱ አንድ አምስተኛውን ይይዛል። በመጠን ቅደም ተከተል ሲሰለፍ ዘወትር ከላይ የሚመጣውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ስረዛ ሳይሆን ፍላክ ወደተባለው ቅርጽ መለወጥ ነው፤ ፍላክ አንድም ነገር ሳይጥል መጠኑን በእጅጉ ይቀንሳል። ኤምፒስሪ የበለጠ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ከድምፁ ይጥላል፤ ለሥነ ድምፅ ጥናት የተቀዳን ነገር ወደ እርሱ ለውጦ ዋናውን ማጥፋት ተገቢ አይደለም።

ጥሬ መረጃውን በጉግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ስላስቀመጡ ብቻ ከሥጋት ነፃ የሆኑ የሚመስላቸውም አሉ። ከኮምፒውተሩ ጋር የተሳሰረ ፎልደር ውስጥ የተሰረዘ ፋይል ከደመናውም ይሰረዛል፤ በዚያ ቅርጫት የሚቆየውም ለተወሰነ ጊዜ ነው። ዋንድራይቭ ይዘቱን በደመናው ትቶ የኮምፒውተሩን ቦታ ብቻ የሚያስለቅቅ የተለየ ትእዛዝ አለው፤ ከስረዛ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ሰፊ ኤስኤስዲ ቢገዛ ይህ ሁሉ ይቀራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ገንዘቡ ያለው ይግዛ፤ ሆኖም ሰፊውም ይሞላል፣ የሚሰረዘውም ያን ጊዜ ይመረጣል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች በምርምር ንድፈ ሐሳብ ላይ ለጉዞና ለኅትመት ወጪ እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ ጥሬው መረጃ ምን ያህል ቦታ እንደሚወስድ፣ ሁለተኛው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኞቹ ፋይሎች ከኮዱ እንደገና ሊወለዱ እንደሚችሉ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀርባለሁ። አማካሪውም ተማሪው ከመስክ ሲመለስ ቅጂ አለህን፣ አለሽን ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሁለተኛው ቅጂ በፊቱ እንዲከፈትና የፋይሎቹ ብዛት ከመጀመሪያው ጋር እንዲመሳከር ያድርግ። እኔ ያን ዕለት ብቆጥር ኖሮ በሦስት ያንስ ነበር።