ማን ነደፈው?

እስቲ አንድ ጥያቄ። የጎተራን ማሳለጫ ማን ሠራው? «ቻይና» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። እግረኛው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው በየት በኩል ይሻገር ብሎ ያሰበለትስ ማነው? እዚህ ላይ ጭጭ! በእግሩ የሚሄድ የጎተራ ሰው ግን የማሳለጫውን ዙሪያ ጫማው ያውቀዋል።

ዜናውም ያው ነው። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የቆረጠው ባለሥልጣንና የወጣው ብር ይነገረናል። የነደፈው አርክቴክት ስም እምብዛም አይነሳም። ስሙ የማይነሳ ሰው ደግሞ አይመሰገንም፣ አይጠየቅምም።

ለዚህ ነው ዛሬ የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስን ስም ማንሳት የፈለግሁት። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የነደፉት እሳቸው ናቸው። ይሄ አንዱ ሥራቸው ነው። ሁለተኛው ማስተማር ነው፤ ልደታ በሚገኘውና ብዙዎቻችን «ሕንፃ ኮሌጅ» በምንለው ተቋም ለዓመታት አስተምረዋል። ሦስተኛው ስለ ከተማዋ ቅርስ መመዝገብና መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዴኒ ዠራር ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1941 ድረስ ያለውን የአዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ መዝግቦ ይዟል።

ሦስተኛውን ሥራ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልስማማም። አሮጌ ቤት የለካ እጅ አዲሱን ሲነድፍ ጎረቤቱን አይረሳም። ሰፈር ዞሮ ያየ መምህርም ተማሪውን ከመጽሐፍ ብቻ አያስተምርም።

ካዛንቺስን ውሰዱ። ስሙ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት በስፋት ፈረሰ። መፍረሱን የሚደግፍም የሚቃወምም ይኑር። ለመከራከር ግን መጀመሪያ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንቱን ግቢ ማን ለካው? ማን ሳለው?

«ሆዴ ሳይሞላ ስለ ከተማ ላውራ እንዴ?» ትለኛለች አርክቴክቸር የጨረሰች ጓደኛዬ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሪል እስቴት ምስል ስታሳምር ትውላለች። እውነቷን ነው፤ የቤት ኪራይ በሙግት አይከፈልም። የመናገር ፍርሃቱም ቀልድ አይደለም። ግን ሰልፍ ውጪ አላልኳትም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል። ያደግሽበትን ግቢ ለኪው። ውኃው የት ይቀዳ፣ ቡናው የት ይጠጣ፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ የት ይተከል እንደነበር እናቶችን ጠይቂ። ከዚያ ኮሌጅ ላሉት ታናናሾችሽ አሳዪያቸው። አንድ ሰው ብቻውን ከተማ መዝግቦ አይጨርስም።

የምንጽፈው ደግሞ በየምረቃው ዜና ላይ አንዲት ጥያቄ እንጨምር፦ ማን ነደፈው? ያኔ የጎተራው እግረኛም አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል።