እንዶድ ለፀጉር? ቆይ እስቲ!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ጊንጪ ነው። አዎ፣ ከአገሬ! ወደ አምቦ ስትሄዱ በአውቶብስ መስኮት የምታልፏት ጊንጪ። ጸሐፊዋ ጥር ላይ ልትዳር ነው። ሪላክሰር ደጋግማ ተቀብታ ፀጉሯ ተነቃቅሏል፤ ሻምፖ በነካው ቁጥር ይለበልባታል። «ጓደኞቼ እንዶድ የተፈጥሮ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ በእሱ ታጠቢ አሉኝ። ልታጠብ?» ትላለች።

እህቴ፣ አትታጠቢ!

እንዶድን አውቀዋለሁ። እኛ ሰፈር «አንዶዴ» ነው የሚባለው። አኮ፣ አያቴን ማለቴ ነው፣ ፍሬውን አድርቃና ወቅጣ ጋቢና ነጠላ ታጥብበት ነበር። አረፋው ጉድ ነው! ነጠላው ወተት መስሎ ይወጣል። ስትወቅጠው ግን አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ነው፤ ብናኙ ያስነጥሳላ። እኔ ሞኟ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ተደብቄ ራሴን ታጠብኩበት። ሁለት ቀን ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። አኮ እንኳን ልታዝንልኝ፣ «አንቺ ጋቢ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸለሙ። እንግዲህ ቀንድ አውጣ የሚፈጅ ነገር ነው ለስላሳ የተባለልሽ!

ለስላሳውስ ሌላ ነው። የሻምፖውን ጀርባ አዙሪና «ኮኮ ግሉኮሳይድ» የሚል ፈልጊ። ከኮኮናት ዘይትና ከግሉኮስ፣ ማለትም ከስኳር፣ የሚሠራ ማጽጃ ነው። አንድ ጫፉ ቅባቱን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ውኃ ይወዳል፤ ስትለቀለቂ ቅባቱን ይዞ ይሄዳል። እንደ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ቆዳ አያደርቅም። አረፋው ያንሳል፤ «አልጸዳሁም» ብለሽ እንዳትደጋግሚው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ ከፊተኞቹ መሀል ይሁን። ዝርዝር የሌለው ጠርሙስ ይቅርብሽ። የተነቀለውን ግን አይመልስልሽም። ሪላክሰሩን አቁሚ፤ ቆዳሽ ከቆሰለም ሐኪም ይየው።

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ከታች በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር አየሁ። «እንዶዱ ቢጠጣስ ስንት ማንኪያ ነው?»

ስለ ፀጉር የሚጠይቅ ሰው ማንኪያ አይቆጥርም። አብራኝ የተማረች ልጅ ነበረች። «ይውረድልኝ» ብላ ጠጣችው። ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀረች። እናቷ እስከ ዛሬ «ሆዷን አሟት ነው» ይላሉ። እኔም አውቄ ዝም አልኩ።

ስለዚህ እህቴ፣ ግማሽ ማንኪያም አይሆንም። ጠጥተሽ ከሆነ ጋዜጣውን ጣይና አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ምን እንደጠጣሽም ንገሪያቸው፣ አትፈሪ። ካልጠጣሽ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሐኪም እንዲያግዝሽ ሕጉ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ያንቺ ጉዳይ የት እንደሚወድቅ እነሱ ይነግሩሻል። ሠርጉ ይቆይ። ዱቄቱን ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። ደርሰሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ፣ አንዲት መስመር ትበቃኛለች።