ምዝገባው ሳይከፈት ይታሰብበት

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው ምዝገባውም ትምህርቱም ወደ ኦንላይን እየዞረ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ይሰጣል። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከጦርነት በኋላ ራሱን እንደገና በሚያደራጅበት በዚህ ወቅት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ካልተማከሩ፣ አዲሱ ሥርዓት እነሱን ትቶ ይሄዳል።

መሰናክሉ ሲያዩት ትንሽ ነው። መምህሩ በድምፁ ያብራራውን ቪዲዮ ያለ ጽሑፍ ይለጥፋል። በቀጥታ በሚሰጥ ትምህርት አስተርጓሚ ቢገኝ እንኳ፣ ስላይድ ሲጋራ የአስተርጓሚው ምስል ጥግ ይዞ ይኮማተራል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ እጁ ባለበት ይቆማል፤ ምልክቱም ሳይጨረስ ይቀራል። የይለፍ ቃል ጠፍቶት እርዳታ ለሚፈልግ ተማሪ «በዚህ ስልክ ይደውሉ» ከተባለ፣ ለእሱ ቢሮው ተዘግቷል ማለት ነው።

መቀሌ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በዘለቀው ጦርነት ትምህርት ተቋርጧል፤ ስልክና ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል። የባከነውን ጊዜ ለማካካስ በሚደረገው ጥድፊያ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ተማሪ በቀላሉ ይረሳል። ከዚህም ሌላ የከባድ መሣሪያ ፍንዳታ የጆሮ ታምቡር ይቀድዳል፣ የመስማት ነርቭም ይጎዳል። ጉዳቱን ለማንም ሳይናገር የፊት ወንበር የሚሻማ ተማሪ ሊኖር ይችላል።

ከቪዲዮ ጋር የሚቀርብ ጽሑፍ የሚሰሙትንም ይጠቅማል። በትግርኛ አድጎ በእንግሊዝኛ ለሚማር፣ በዶርም ጫጫታ መሐል ለሚያጠና፣ የዳታ ጥቅሉን ለሚቆጥብ ተማሪ የትምህርቱ ግልባጭ ከቪዲዮው ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው።

ሕጉ ከወጣ ቆይቷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትንም ተደራሽ ማድረግን ያዛል። ባለሙያም አናጣም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ሃርቫርድና ኤምአይቲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከተከሰሱ በኋላ ነው በቪዲዮዎቻቸው ላይ ጽሑፍ ለማኖር የተስማሙት። እኛ ክስ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አስተዳደሩ ማንኛውንም ፖርታል ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ይሞክሩት፤ እንቅፋት ያሉት ሳይነሳ አይከፈት። ለአስተርጓሚ በጀት ይያዝ፣ የእርዳታ ዴስኩም በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ይመልስ። መምህራን ያለ ጽሑፍ ቪዲዮ አትልቀቁ፤ ማሽን የጻፈውንም አርሙት፣ የሙያ ቃላትን ይስታልና። ተማሪዎች ደግሞ ጓደኛችሁ የቀረበትን እየጠየቃችሁ ለትምህርት ክፍላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ይህ ሁሉ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሴሚስተር ያመለጠውን ተማሪ የሚክስ ማስተካከያ የለም።