አንዴ እንኳ ያለ ሐኪም ቀጠሮ

የግማሽ ዓመቱ ፈተና እየተቃረበ ነው። ከክፍለ ሀገር የምትጽፉልን ወላጆች በዚህ ሰሞን የምታነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «በእረፍቱ ልጆቹን አዲስ አበባ ልናመጣቸው አስበናል፣ ምን ምን እናሳያቸው?» ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ልጆቹ ነው። አያት አብራ እንደምትመጣ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። «እማዬንም ቤት ብቻዋን ከምንተዋት ይዘናት እንመጣለን» ይባላል፤ እንደ ትርፍ ሻንጣ።

ዛሬ ከእሷ እንጀምር።

ለብዙ እናቶቻችን አዲስ አበባ የሐኪም ቤት ከተማ ናት። ይመጣሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይመረመራሉ፣ ዘመድ ቤት ያድራሉ፣ መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው ይመለሳሉ። ከዚያ ውጭ የሚመጡት ለለቅሶ ነው። የእኔ እናት የምትኖረው ድሬዳዋ ነው። ባለፉት ስምንት ዓመታት አራት ጊዜ መጥታለች፤ ሦስቱ ለዓይኗ፣ አንዱ እህቷን ለመቅበር። የግራ ዓይኗ እንደማይመለስ ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረውናል። የቀኙ በመነጽር ደህና ያያል። እስከ መቼ እንደሚያይ ግን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እንግዲህ ወንድሜ ደውሎ «ዘንድሮ ሦስቱንም ልጆች ይዘን እንመጣለን፣ እማዬም አለች» ሲለኝ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የመጨረሻዋ ቃል ናት። በማግስቱ በቴሌግራም ዕቅዱን ላከልኝ። አራት ቀን፣ አሥራ ሰባት ቦታ! በመጀመሪያው ቀን ብቻ ጠዋት እንጦጦ፣ ረፋድ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከሰዓት አንድነት ፓርክ፣ ማምሻውን ወዳጅነት ፓርክ ይላል። ይህን የሚችለው ወታደር ነው። የስድስት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት ሴት አይችሉትም። «እማዬ ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠይቀሃታል?» አልኩት። «እሷ ምንም ቢሆን ደስ ይላታል» አለኝ።

ደወልኩላት። «እኔ ምን አለኝ ልጄ፣ እነሱ ይዩ እንጂ» አለች። እዚህ ላይ ወላጆችን አደራ የምላችሁ፣ ይህንን እንደ መልስ አትቁጠሩት። አያት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ወጪ እንዳያበዛ፣ ሸክም እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ሌላ ቀን፣ በሌላ ጨዋታ መሀል፣ ደግማችሁ ጠይቁ። የእኔዋ በሦስተኛው ስልክ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ እያወራን ሳለ ድንገት «ያ የለገሃሩ ጣቢያ አሁንም አለ?» አለችኝ።

አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ከእሳቸው ጋር በባቡር መጥታ ለገሃር ወርዳለች። ስትወርድ የመታት ብርድ፣ አባቷ አውልቀው ያለበሷት ኮት፣ አዋሽ ላይ በመስኮት የገዙት ምግብ፣ ሁሉንም ታስታውሳለች። እኔ ልጇ ይህን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በወንድሜ አሥራ ሰባት ቦታ ውስጥ ለገሃር አልነበረም። አሁን የመጀመሪያው ቀን ላይ ብቻውን ተጽፏል።

ለገሃር መግቢያ አይከፈልበትም። ጣቢያውን ከውጭ ማየት ይበቃል፤ ዙሪያው በግንባታ ተለውጧልና እሷም እዚያው ቆማ «እዚህ ጋ እንዲህ ነበር» ማለቷ አይቀርም። ለልጆቹ የሚነገር ደግሞ ሞልቷል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደ መሥመሩ ከታች በሜዳው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ ለመድረስ ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። አደባባዩ ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ለዘውዱ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ነቅሎ ሮም ወስዶ አቁሞት ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ተማርኮ ሄዶ አገሩ የገባ አንበሳ! የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ካልጠየቀ እኔን ጠይቁኝ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ልክ ማወቅ ነው። የእኛ ልክ እንዲህ ሆኗል፤ ጠዋት አንድ ትልቅ ቦታ፣ ከምሳ በኋላ ቤት ገብቶ ጋደም ማለት፣ አሥር ሰዓት ላይ ደስ ካላቸው አንድ ቀላል ነገር፣ ካላላቸው ምንም። አሥራ ሰባቱ ወደ አምስት ወረዱ። ወንድሜ «ይህን ያህል ብር አውጥተን ተኝተን ልንውል?» ብሎ ተከራክሮኛል። አዎ፣ ከሰዓት ትተኛላችሁ። የደከመ ልጅ ድንቅነሽን አያይም፣ ጫማው እንደጨመቀው ነው የሚያስታውሰው።

ከቆላ ለሚመጡ ሌላም ነገር አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ያልፋል። ግፊት ወይም አስም ያለበትን ሰው በመጀመሪያው ጠዋት እንጦጦ ማውጣት ጥሩ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ ማሳለፍ፣ ለእንጦጦ ደግሞ ከመምጣት በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም መጠየቅ ይሻላል። የጠዋቱና የማታው ብርድም ቀልድ አይደለም። ዲሪያ ለብሳ የለመደች እናት ሹራብና ጋቢ ያስፈልጋታል፤ ካልሲም ጭምር።

እንጦጦ ላይ ግን ተጨቃጭቀናል። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ እንጦጦ ፓርክ ካልሄደች ሞታ ትገኛለች። ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ቤተሰብ ሁሉ ቦታ በአንድነት ይሂድ ያለ የለም። በመጨረሻው ጠዋት አባትና ልጅ እንጦጦ ይወጣሉ፤ ምኒልክ የነገሡባትን የእንጦጦ ማርያምንም በዚያው ያያሉ። እናቴና እኔ ሥላሴ ካቴድራል እንሳለማለን። እዚያ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ መነንን መቃብር ታያለች፤ በመስታወቱ ላይ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቀለማቸው ደማቅ ነው። ለደከመ ዓይን ከብዙ ነገር ይሻላሉ።

ብሔራዊ ሙዚየም ለሁለተኛው ቀን ነው። ድንቅነሽ ያለችው ከታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ደረጃ አለው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ደረጃ መውረድ ከመውጣት ይብሳል። ስለዚህ ልጆቹን እኔ ይዤ እወርዳለሁ፤ እናቴ ከላይ የነገሥታቱን ዕቃ፣ የጃንሆይን ትልቁን ዙፋን ከወንድሜ ሚስት ጋር ረጋ ብላ ታያለች። ታጣፊ ትንሽ ወንበር ገዝቼላታለሁ፤ ሌላ ምንም ባትገዙ ይህን ግዙ። ልጆቹ ከመውረዳቸው በፊት ሁለት ነገር ይነገራቸው። አንደኛ፣ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህን ሳያውቁ ቆይተው የሰሙ ልጆች እንደተታለሉ ይቆጥሩታል። ሁለተኛ፣ በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እመቤት ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የስድስት ዓመቱ ልጃችን ጎኗ ቢቆም እኩያዋ ነው። ልጅ የሚገባው ይህ ነው፤ ሚሊዮን ምን እንደሆነማ እኛስ መቼ ገባን?

ሦስተኛው ቀን ፒያሳ ነው። ፒያሳ በአንድ ጠዋት ሦስት ነገር በእግር ይሰጣል፤ አራዳ ጊዮርጊስን፣ የምኒልክን ሐውልትና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም። እናቴ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ታቦቱ ዓድዋ መዝመቱን፣ ድሉም የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ከእሷ አፍ ይሰማሉ። ሙዚየሙ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ልዙር አትበሉ። አንድ ነገር ግን ለአያቶች አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የድሮው ፒያሳ አብዛኛው ፈርሷል። የሚያውቁትን ኬክ ቤት፣ የወርቅ ሱቅ፣ ሲኒማ ቤት ፈልገው መንገድ ላይ ቆመው ሲደናገሩ ማየት ያሳዝናል። መኪናው ውስጥ ሳሉ ቢነገራቸው ይሻላል።

አንድነት ፓርክን ለአራተኛው ቀን ከሰዓት አስበን ነበር፤ ወደ ሁለተኛው ጉዞ አስተላልፈነዋል። የምኒልክ የግብር አዳራሽ የሚታይ ነው፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶችም አሉ፤ ነገር ግን መሄጃው ብዙ ነው፣ ግማሽ ቀን አይበቃውም። የትም ብትሄዱ ቀድማችሁ ደውሉ፤ የሚዘጋበትን ቀን፣ የመግቢያውን ዋጋ፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በቴሌብር የሚለውን። ሰው የማይጠይቀውንም ጠይቁ፤ ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ነው ወይስ የመቀመጫ? ሳቅ የመጣባችሁ ጉልበታችሁ ገና ደህና ስለሆነ ነው። ብዙ አያቶች ከቤት ሲወጡ ውኃ የማይጠጡት ይህንኑ ፈርተው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ዘመድ። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ «ምሳ እኔ ጋ ናችሁ» ይላል። አንዱ አያት፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ሰሚት ነው። አንዱን ጠይቆ ሌላውን መተው ለስምንት ዓመት ቂም ይበቃል። አራት ቤት ብትዞሩ አራቱ ቀን በሶፋ ላይ አለቀ፤ ልጆቹም ያዩት የአዲስ አበባን ዶሮ ወጥ ብቻ ነው። እኛ የመረጥነው ይህን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እኔ ቤት ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ሁሉ እዚያ ይምጣ። ግን ጥሪው ከእኔ አይወጣም። እናቴ ራሷ ለእያንዳንዱ እየደወለች «ጉልበቴ አይችልም፣ እናንተ ኑልኝ» ትላለች። ይህን ሰምቶ የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየም። ከድሬ የመጣው ሐልዋም በአንድ ቦታ ይከፈላል።

ዕለቱንም እዩ። እናቴ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ በእነዚህ ቀኖች እሷን ይዞ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት መዞር አይሆንም። ልጆቹ ከቤት የተቋጠረ ይብሉ፣ እሷ ትረፍ።

መጓጓዣውን በተመለከተ እኔን ጨምሮ ሰባት ነን፤ አንድ ራይድ አይበቃንም፣ በሁለት መኪና መከፋፈል ደግሞ መጠባበቅ ነው። ለጠዋቶቹ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘናል። ወደ ድሬ የሚመላለሰው ባቡር እንደ አውቶቡስ በየሰዓቱ የሚገኝ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ጣቢያም ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመሄጃና የመመለሻውን ቀን ያዙ፣ ከዚያ ቀኖቹን ቁጠሩ። (የድሬ ልጆች ትልቅ ትንሽ ሳይሉ ሁሉንም «አንተ» እንደሚሉ ሾፌሩን ከወዲሁ አስጠንቅቄዋለሁ።)

ሳምንቱን ስትመርጡ የአፍሪካ ኅብረትን የመሪዎች ጉባኤ አትርሱ። ብዙውን ጊዜ በየካቲት መጀመሪያ፣ ልክ በተማሪዎቹ እረፍት ሰሞን ነው። ሆቴል ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ አሥር ደቂቃ የነበረው ጉዞ ሰዓት ይፈጃል። እኛ ከጉባኤው በፊት ያለውን ሳምንት ይዘናል።

ሆቴል የምታርፉ ከሆነ መታወቂያ ትጠየቃላችሁ፤ የአያትንም። የብዙዎቹ አያቶች መታወቂያ ሣጥን ውስጥ ከዕድር ደብተሩ ጋር ነው ያለው፣ ቀኑም ያለፈ ነው። የእናቴም ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የፊታችን ሰኞ ልታሳድስ ቀበሌ ትሄዳለች።

ቸር እንሰንብት።