ያልመጣውን ማን ይቁጠረው?

ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርድ እናት በጤና ሥርዓታችን መመዘኛ ውስጥ የምትገባው መቼ ነው? ካርድ ያወጣች ዕለት። ከዚያ በፊት የለችም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(4) መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሀብቱ ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማወቅ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያ አላጣንም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሕመምተኛው ሐኪም እስኪያየው ምን ያህል እንደጠበቀ፣ አልጋዎች ምን ያህል እንደተያዙ፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል አመርቅዞ እንደሆነ ሳይቀር እንዲለካ አድርጓል። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም።

ችግሩ፣ ቆጠራው ከሆስፒታሉ በር መጀመሩ ነው። የዚህን ጉድለት እንጦጦ ላይ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም በርካታ ሕሙማን ተራራው ላይ ጠበል ይጠመቁ ነበር፤ መድኃኒቱን የተዉም ነበሩባቸው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። የተቋማትን ሪፖርት ብቻ ያነበበ ሰው ግን የእነዚህን ሕሙማን መኖር አያውቅም።

«ሽፋን» የሚባለውም ቁጥር ከዚህ አይሻልም። ሽፋን ማለት አገልግሎቱን ያገኙት ሰዎች ማግኘት ለነበረባቸው ሲካፈሉ ነው። አካፋዩን ከየት እናምጣ? አንቀጽ 103(5) የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተራዝሞ እንደቀረ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆነ። ስለዚህ የየካ መቶኛ በግምት ላይ የቆመ ነው። ግምቱ ካነሰ ሽፋኑ ከመቶ ያልፋል፤ ከበዛ የለፋው ጤና ጣቢያ ሰነፍ ይባላል።

አሜሪካኖች የሕዝብ ጤና ሥርዓታቸውን የሚመዝኑባቸው መሠረታዊ አገልግሎቶች አሥር ናቸው። የመጀመሪያው የማኅበረሰቡን ጤና መከታተል ነው። ከተቋሙ ሳይሆን ከሰፈሩ ይጀምራሉ።

እኛም መነሻው አለን። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ይዞራሉ። የእነሱ መዝገብ አካፋይ ይሁን፤ ትክክለኛነቱንም ሪፖርት አቅራቢው ያልሆነ አካል ያረጋግጥ። ራሱ ተፈትኖ ራሱ የሚያርም ተማሪ መቼም አይወድቅም። የሚወድቀው ያልተቆጠረው ሕመምተኛ ነው።